የሕዝብ ቆጠራ ዝግጅትና የአካባቢ አስተዳደር ድርሻ

ከንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ የሚሄድ ተማሪ ጧት ጧት አንድ ነገር ሳያይ አያልፍም። ይኸውም በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከየአቅጣጫው መጥቶ፣ ከታክሲ ወደ አውቶቡስ፣ ከአውቶቡስ ወደ ባቡር ሲጋፋ ነው። እስቲ ይህ ተማሪ ለአንድ አፍታ ቆሞ ራሱን ይጠይቅ። ከዚህ ሁሉ ሰው ውስጥ ማታ በሜክሲኮ አካባቢ የሚያድረው ስንቱ ነው? የቀረውስ የሚያድረው የት ነው? ሰፈሩ በልደታና በቂርቆስ ክፍለ ከተሞች አዋሳኝ ላይ ያለ ስለሆነ፣ በድንበሩ ላይ ያለውን የላስቲክ ቤት የትኛው ክፍለ ከተማ ይመዘግበዋል? የዘበኛውን ክፍልና ከፎቁ ጀርባ ተከራይታ የምትኖረውን ሻይ ሻጭ የሚያውቅ ማን ነው?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የአንድ አገር የሕዝብ ቆጠራ የሚቃናውም ሆነ የሚበላሸው በዚሁ ጥያቄ ነው። አብዛኞቻችን ቆጠራ ሲባል የሚታየን መዝገብ ይዞ በር የሚያንኳኳው ሰው ነው። ይሁን እንጂ ያ ሰው በሩን ከማንኳኳቱ በፊት በሩ መኖሩን ሊያውቅ ይገባዋል። በሩ መኖሩን የሚነግረው ደግሞ ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከው ሊቅ ሳይሆን የሰፈሩ ሰው ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ከቆጠራው ዕለት በፊት ስላለው ሥራ፣ በዚያም ሥራ ውስጥ ወረዳ፣ ቀበሌና የጎሣ ሽማግሌ ምን ድርሻ እንዳላቸውና ምን ድርሻ ሊኖራቸው እንደሚገባ ነው።

1ኛ/ ቆጠራ በስንት ደረጃ ይከናወናል?

የሕዝብ ቆጠራ ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ዝግጅት፣ ሁለተኛው መቁጠር፣ ሦስተኛው ውጤቱን አጣርቶ ማውጣት ነው። መቁጠሩ የጥቂት ቀናት ሥራ ሲሆን ዝግጅቱ ግን ዓመታት ይፈጃል። በዝግጅቱ ጊዜ አገሩ በሙሉ «የቆጠራ ቦታ» በሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች ይከፋፈላል። አንድ የቆጠራ ቦታ አንድ ቆጣሪ በተወሰነለት ጊዜ ሊጨርሰው የሚችል፣ በእኛ አገር በተለመደው አሠራር ከ150 እስከ 200 የሚደርስ ቤተሰብ የያዘ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል ካርታ ይነሣለታል፤ በካርታውም ላይ ወንዙ፣ መንገዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ትምህርት ቤቱ ይመለከታል። በመጨረሻም በክልሉ ውስጥ ያሉት ቤቶች ተራ በተራ ይመዘገባሉ።

የዚህ ሁሉ ዓላማ አንድ ነው። ይኸውም ማንም ሰው ሳይቆጠር እንዳይቀር፣ ማንም ሰውም ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ነው። ሁለት የቆጠራ ቦታዎች በሚገናኙበት ድንበር ላይ ያለ ቤት፣ ድንበሩ በግልጽ ካልታወቀ፣ ወይ ሁለቱም ቆጣሪዎች ይገቡበታል፣ ወይም «የጎረቤቴ ድርሻ ነው» እየተባባሉ ሁለቱም ይተዉታል። ካርታ የሚያነሣው ባለሙያ ጅረቱን ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ ሊያየው ይችላል። ነገር ግን የአንደኛው ቀበሌ ሰው እስከ ጅረቱ ነው ሲል፣ የሌላው ቀበሌ ሰው እስከ ዋርካው ነው የሚል መሆኑን ፎቶግራፉ አይነግረውም። ይህን የሚያውቁት እዚያው የሚኖሩት ናቸው።

2ኛ/ ሕዝባችን መቆጠርን ለምን ይጠራጠራል?

የአካባቢ ሹም በቆጠራ ውስጥ ያለውን ቦታ ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ብሎ ታሪክን መመልከት ያስፈልጋል። በቀድሞው ዘመን ባላገሩን የሚያውቀው የመንግሥት ሰው ጭቃ ሹሙ፣ ባላባቱና አጥቢያ ዳኛው ነበሩ። እነርሱ ሰውን የሚቆጥሩት ግን ስለ ሰውየው ለማወቅ ሳይሆን ከሰውየው ለመቀበል ነበር። የሚቆጠረው ግብር የሚከፍለው፣ እህል የሚሰፍረው፣ ለዘመቻ ስንቅ የሚያዋጣው ነበር። «ጭሰኛ» የሚለው ቃል ራሱ ከጭስ የመጣ ነው ይባላል፤ ጭስ የሚጨስበት ቤት ያለው፣ ስለዚህም ግዴታ ያለበት ሰው ማለት ነው። ጭስ በተቆጠረበት አገር ጭሱን የሚደብቅ ሰው ቢበዛ ምን ይደንቃል?

በዚህም ላይ የሃይማኖትና የልማድ ነገር አለ። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ስላስቆጠረ በእስራኤል ላይ ቸነፈር መውረዱን በሳሙኤል ካልዕ የሚያነብ ካህን፣ ይህንኑ የሚሰማ ምእመን፣ መቁጠር ያለ ምክንያት የሚደረግ ነገር አይደለም ብሎ ያምናል። በብዙ ቤት ልጆችህ ስንት ናቸው ብሎ በቀጥታ መጠየቅ እንደ ክፉ ዓይን ይታያል። ከብትማ እንዲያውም የባሰ ነው። ስለዚህ ከማያውቀው መሥሪያ ቤት የመጣ የማያውቀው ሰው ቢጠይቀው ባላገሩ ቁጥሩን ያሳንሳል፤ ወይም እርዳታ የሚታደል ከመሰለው ያበዛል። ሁለቱም የሚመነጩት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ቁጥሩ የሚሄድበትን ካለማወቅ ነው።

የአካባቢው አስተዳደር አስፈላጊነት እዚህ ላይ ይመጣል። ሕዝቡ የሚያምነው የሚያውቀውን ሰው ነው። ነገር ግን ግብር የሚያስከፍለውም ያው የሚያውቀው ሰው መሆኑን መዘንጋት አይገባም። የአካባቢ ሹም ለቆጠራ መድኃኒትም መርዝም ሊሆን የሚችለው ስለዚህ ነው።

3ኛ/ በአገራችን ሦስት ጊዜ የተካሄደው ቆጠራ

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ሥራውን የጀመረው አገሩን በሙሉ ለመቁጠር አቅም ሳይኖረው ነበርና በናሙና ጥናትና በከተማ ቆጠራ ተወሰነ። በ1954 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በአዲስ አበባ የተደረገው ቆጠራ የከተማይቱን ሕዝብ 443,728 አድርሶታል። ከዚያ ወዲህ በገጠር የናሙና ጥናቶች ቢደረጉም፣ ለሙሉ ቆጠራ የሚያበቃ መሠረት አልነበረም። አገሩ እስከ ታችኛው መንደር ድረስ የታወቀ ድንበርና የታወቀ ኃላፊ ያለው ክፍል አልነበረውምና።

ይህን የለወጠው ለቆጠራ ተብሎ ያልታወጀ ዐዋጅ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን፣ ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ታዘዘ። በዚያው ዓመት በሐምሌ የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ዐዋጅ ደግሞ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም ቀበሌን አስከተለ። በአዲስ አበባ ብቻ ከ280 በላይ ቀበሌዎች ተቋቋሙ። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ለብዙ ዓመታት ያጣውን ነገር፣ ስምና ድንበር፣ መዝገብና ሊቀ መንበር ያለውን ትንሽ የአስተዳደር ክፍል በአንድ ጊዜ አገኘ።

የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ በግንቦት 1976 ዓ.ም. የተካሄደው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። ውጤቱም ኤርትራን ጨምሮ ወደ 42.6 ሚሊዮን ሆነ፤ ይህም ቀድሞ ይገመት ከነበረው በብዙ ሚሊዮን የበለጠ ነበር። ነገር ግን ጦርነት በነበረባቸው ክፍላተ ሀገርና ቆጣሪ ሊደርስባቸው ባልቻለ ቦታዎች የሚኖረው፣ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ የሚጠጋው ሕዝብ፣ የተሞላው በግምት ነው። ከዚህ የምንማረው የአካባቢ አስተዳደር በሌለበት ወይም ሕዝቡ በማይቀበለው ቦታ ቆጠራ እንደማይደርስ ነው።

ሁለተኛው ቆጠራ በጥቅምት 1987 ዓ.ም. ተካሂዶ 53,477,265 ሕዝብ ተመዘገበ። ሦስተኛው በግንቦት 1999 ዓ.ም. ሲካሄድ፣ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች በኅዳር 2000 ዓ.ም. ተከናውኖ ድምሩ ወደ 74 ሚሊዮን ደረሰ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ፣ ለዚህም ብሔራዊ የሕዝብ ቆጠራ ኮሚሽን እንዲቋቋም ይደነግጋል። የምርጫ ክልሎችም በቆጠራው ውጤት መሠረት እንዲወሰኑ ያዝዛል።

አራተኛው ግን ቀጠሮ እየተያዘለት ሲፈርስ ቆይቷል። በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታስቦ ተላለፈ። ለመጋቢት 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ሲዘጋጅ፣ የቆጠራው ካርታ ተነሥቶ፣ ከመቶ ሺህ በላይ ታብሌት ተገዝቶ ሳለ እንደገና ተላለፈ። በሰኔ 2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በጋራ ተሰብስበው ለአንድ ዓመት አራዘሙት። ቀጥሎም ኮሮና መጣ፤ ከዚያም ጦርነት። የተሰጠው ምክንያት የጸጥታ መደፍረስና የሕዝብ መፈናቀል ነበር። በእርግጥም በ2010 ዓ.ም. ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሎ ነበርና ምክንያቱ እውነት ነው። ነገር ግን መሣሪያው ተገዝቶ፣ ካርታው ተነሥቶ ቆጠራው መቅረቱ አንድ ነገር ያሳየናል። ታብሌት በገንዘብ ይገዛል፤ የጎረቤት ወረዳዎች ስምምነት ግን አይገዛም።

4ኛ/ ወረዳና ቀበሌ በዝግጅቱ ምን ይሠራሉ?

ዋናው መሥሪያ ቤት፣ በአሁኑ ስሙ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ መጠይቁን ያዘጋጃል፣ ካርታውን ያነሣል፣ ባለሙያ ያሠለጥናል። ከክልል ጀምሮ በዞንና በወረዳ የቆጠራ ኮሚሽን ወይም ኮሚቴ እየተቋቋመ እስከ ቀበሌ ይወርዳል። የእነዚህ የአካባቢ ክፍሎች ሥራ የሚከተለው ነው።

ሀ/ ድንበር ማሳየት። የካርታ ባለሙያው ሲመጣ የቀበሌው ሰው አብሮት ይዞራል፤ መንደሮቹን በስማቸው ይነግረዋል፤ ከአጎራባቹ ቀበሌ ጋር የሚለያዩበትን ምልክት ያሳየዋል።

ለ/ ቤት ማስመዝገብ። ከመንገድ የማይታየውን ጎጆ፣ በግቢ ውስጥ ያለውን ሁለተኛ ቤት፣ ከወፍጮ ቤት ኋላ የሚያድረውን ሠራተኛ የሚያመለክት እርሱ ነው።

ሐ/ ቆጣሪና ተቆጣጣሪ መመልመል። ቆጣሪዎች የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ፣ በሕዝቡ ዘንድ የታመኑ መሆን ስላለባቸው ብዙውን ጊዜ ከመምህራንና ከሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ይመረጣሉ።

መ/ ማደሪያ፣ መጓጓዣና መሪ መስጠት። መኪና በማይገባበት አገር በቅሎ ፈልጎ የሚያስጭን ወረዳው ነው።

ሠ/ ሕዝቡን ማስረዳት። በዕድር፣ በዕቁብ፣ በማኅበር፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ቆጠራው ለግብር እንዳልሆነ የሚነገረው በአካባቢው ሰው አፍ ነው።

እነዚህ አምስቱ ሥራዎች በደንብ ከተሠሩ ቆጠራው ግማሽ መንገድ ተጉዟል። ነገር ግን አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። በአምስቱም ውስጥ የአካባቢው አስተዳደር የሚሠራው ረዳት ሆኖ ነው፤ ይመራል፣ ያሳያል፣ ያስተናግዳል። ካርታው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ መልሶ አይቶት «ይህ መንደር ቀርቷል፣ ይህ ድንበር ተሳስቷል» የሚልበት፣ ቅሬታውም በሕግ የሚዳኝበት ግልጽ ሥርዓት ከስድስተኛነት አልተቆጠረም። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብም ይኸው ነው።

5ኛ/ ቤት ሳይሆን ጎሣ በሚቆጠርበት አገር

እስካሁን የተናገርነው ቤቱ ከቦታው ስለማይነቃነቅ ሕዝብ ነው። ከብቱን ተከትሎ ውሃና ሣር ፍለጋ የሚዘዋወረው አርብቶ አደር ግን ከቆጠራ ቦታ ወደ ቆጠራ ቦታ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊሻገር ይችላል። በ1987ቱም በ1999ኙም ቆጠራ አፋርና ሶማሌ ከሌላው አገር ተለይተው ዘግይተው የተቆጠሩ መሆናቸው የችግሩን ክብደት ያሳያል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለሕዝብ ቆጠራ ባወጣው መመሪያ ተዘዋዋሪ ሕዝብ የሚቆጠርበትን አምስት መንገድ ዘርዝሯል። ሕዝቡን በአንድ ቦታ ሰብስቦ መቁጠር፤ በጎሣና በጎሣ መሪዎች በኩል መቁጠር፤ እንደ ነዋሪው ሁሉ በቆጠራ ቦታ መቁጠር፤ በውሃ ቦታ መቁጠር፤ በሰፈራቸው እየዞሩ መቁጠር ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ የጎሣው መንገድ የሚነሣው እንዲህ ካለው ሐሳብ ነው፦ አርብቶ አደሩ ቦታውን ይለውጣል፤ ጎሣውን ግን አይለውጥም። ስለዚህ አድራሻው መሬት ሳይሆን ሰው ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በሶማሌ ኡጋዙ፣ ገራዱና ሱልጣኑ፣ ከእነርሱም በታች የንዑስ ጎሣ ሽማግሌዎች፣ ደም ሲፈስ ካሣ የሚሰበስቡት ከማን ከማን እንደሆነ ያውቃሉ። የካሣ መዋጮ ትክክለኛ ዝርዝር ይፈልጋል። በአፋር ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው፣ ወይም ተቀምጠው፣ ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ማን ወዴት እንደተጓዘ፣ የት እንደዘነበ፣ የትኛው ሰፈር እንደተነሣ በዚህ መንገድ ከአገር አገር ይደርሳል። በቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች ላይ ከብቱ የሚጠጣው በተራ ሲሆን፣ ተራውን የሚመራው አባ ሔሬጋ የእያንዳንዱን ባለ ከብት ቀን ያውቃል። የጎሣ ዝርዝር፣ ዳጉና የውሃ ተራ እያንዳንዳቸው ያልተጻፈ መዝገብ ናቸው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ቆጣሪው የጎሣውን ሽማግሌ የሚፈልገው መንገድ መሪ አድርጎ ብቻ ከሆነ ትልቁን ጥቅም አጣ ማለት ነው። ሽማግሌው ሊጠራ የሚገባው ቀደም ብሎ፣ የትኛው ንዑስ ጎሣ በየትኛው ወር በየትኛው ውሃ እንደሚገኝ የሚያሳይ ዝርዝር ሲዘጋጅ ነው። ቆጠራው ከዝርዝሩ ጋር ሲተያይ የቀረ ካለ ያን ጊዜ ይታወቃል። በሌላ በኩል ግን ሽማግሌው በቃሉ የሰጠውን ቁጥር ብቻ ተቀብሎ መሄድ ቆጠራ አይባልም። ሽማግሌው ሰዎቹ የት እንዳሉ ይነግራል፤ ስንት እንደሆኑ ግን የሚያየው ቆጣሪው ነው።

6ኛ/ የአካባቢ ተሳትፎ የሚያስከትለው አደጋ

«ታዲያ ሥራውን ሁሉ ለአካባቢው ብንተወውስ?» የሚል ይኖራል። መልሱን ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች እንማር። ናይጄሪያ ነፃነቷን ባገኘች ማግሥት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ያደረገችው ቆጠራ ክልሎቹ ቁጥራቸውን ለማብዛት ተወዳድረዋል ተብሎ ተሠረዘ። በዓመቱ የተደገመውም ክርክር አላጣውም፤ የ1973ቱም እንዲሁ ተሠረዘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የፓርላማ ወንበርና የገንዘብ ድርሻ በቁጥር የሚታደል ከሆነ ሹሙ ሁሉ ወገኑን ያበዛል። በጎረቤታችን በኬንያም በ2009ኙ ቆጠራ፣ በሰሜን ምሥራቅና በቱርካና የሚገኙ የ8 ወረዳዎች ውጤት ከሚጠበቀው እጅግ በመብለጡ መንግሥት አልቀበልም አለ። እዚህ ላይ ልብ እንበል፦ በእነዚያ ወረዳዎች በእርግጥም ያልተቆጠረ አርብቶ አደር ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን ውጤቱ ከወጣ በኋላ እውነተኛውን ከተጨመረው ለይቶ ማወቅ ጭንቅ ነው።

በእኛም አገር የ1999ኙ ውጤት በ2001 ዓ.ም. ሲገለጥ፣ የአማራ ክልል ሕዝብ ቀድሞ ከተተነበየው በ2.4 ሚሊዮን ያህል አንሶ በመገኘቱ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ብርቱ ጥያቄ ተነሣ። አንዳንዱ ትንበያው የተሳሳተ ነው ሲል፣ ሌላው ቆጠራው ጎድሏል አለ። ይህ ጽሑፍ በዚያ ክርክር ላይ ለመፍረድ አልተነሣም። የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ ክርክሩ የመጣው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ቀበሌ ከቆጠራው በፊት «በእኔ ክልል ያሉት መንደሮችና ቤቶች እነዚህ ናቸው» ብሎ አይቶና አርሞ የፈረመበት ዝርዝር ቢኖር ኖሮ፣ ጥያቄው በስሜት ሳይሆን በመዝገብ ሊመለስ በቻለ ነበር።

7ኛ/ ከሩቅ አገር የሚገኝ ምሳሌ

በዚህ ረገድ የአሜሪካ አሠራር ለማነጻጸሪያ ይጠቅማል። አሜሪካ ከ1790 ጀምራ በየአሥር ዓመቱ ሕዝቧን ስትቆጥር፣ የአገሩ ጥንተ ነዋሪ የሆኑትን ነገዶች በመጀመሪያ ከቁጥር አስወጥታቸው ነበር። ከገቡም በኋላ በርስት ቀበሌያቸው የሚኖሩት በሚገባ አይቆጠሩም። በ1990 ከመቶ 12 የሚሆኑት ሳይቆጠሩ እንደቀሩ ራሱ የቆጠራው መሥሪያ ቤት አመነ።

በ1994 በወጣ ሕግ መሥሪያ ቤቱ የአድራሻ ዝርዝሩንና ካርታውን ከቆጠራው በፊት ለከተሞች፣ ለአውራጃዎችና ለነገድ መስተዳድሮች እንዲያሳይ ተደረገ። ዝርዝሩን የሚቀበለው ሹም ምስጢር ለመጠበቅ ይፈርማል። ለ2020ው ቆጠራ 120 ቀን ተሰጥቶት ነበር፤ በእነዚህ ቀናት የቀረውን ቤት ይጨምራል፣ የፈረሰውን ይሠርዛል። መሥሪያ ቤቱ እርማቱን ካልተቀበለ፣ ቅሬታውን የሚያየው ከቆጠራው መሥሪያ ቤት የተለየ ክፍል ነው። የነገድ መስተዳድርም በዚህ ሥራ ከከተማው ከንቲባ እኩል ይቆጠራል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሥራው አላለቀም። በነገዶቹ ርስት ሳይቆጠር የቀረው በ2010 ከመቶ 5 ገደማ፣ በ2020ም ከመቶ 5 በላይ ሆኗል። ከ1990ው ግን እጅግ ያነሰ ነው። ትምህርቱም ሁለት ነው። ዝርዝሩን ማሳየት ይጠቅማል፤ ዝርዝር ብቻውን ግን ለዘመናት የተከማቸውን አለመተማመን አያጠፋም።

8ኛ/ ምን ይደረግ?

እንግዲህ ወደ ሜክሲኮ እንመለስ። በ1999 ዓ.ም. የተቆጠረው የልደታ ሰፈር ዛሬ በቦታው የለም። አሮጌው የልደታና የሠንጋ ተራ መንደር ፈርሶ የጋራ መኖሪያ ቤቶችና የባንክ ፎቆች ተተክተዋል፤ በ2008 ዓ.ም. የከተማው ባቡር መጥቷል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም ከሜክሲኮ በሳር ቤት ወደ ወሎ ሰፈር የሚዘልቀው የኮሪደር ሥራ ተከናውኗል። ቀበሌዎቹም ታጥፈው 116 ወረዳዎች ሆነዋል፤ በ2013 ዓ.ም. አሥራ አንደኛው ክፍለ ከተማ፣ ለሚ ኩራ፣ ተጨምሯል። ከሜክሲኮ ተነሥቶ ወደ ከተማው ዳርቻ የሄደው ቤተሰብ አሮጌው ዕድር ግን ብዙ ጊዜ አልተለወጠም፤ ለቅሶ ሲሆን ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ የትኛው ቤተሰብ ወዴት እንደሄደ ከማንም ካርታ ይልቅ የዕድሩ ጸሐፊ መዝገብ ይናገራል። ይህ በከተማ ነው። በአገሩ ዳር ደግሞ በመጠለያ ያለው ተፈናቃይ አለ። የተወለደበት ወረዳ «የእኔ ነው» ይላል፤ የተጠለለበት ወረዳም ውሃና ዱቄት የሚያቀርብለት እርሱ ነውና «የእኔ ነው» ይላል። ሁለቱ ወረዳዎች ከቆጠራው በፊት ካልተነጋገሩ ሰውየው ወይ ሁለት ይሆናል ወይ ምንም።

በእኛ አስተያየት የሚከተሉት ቢደረጉ ይጠቅማሉ።

አንደኛ፣ የቆጠራ ካርታውና የመንደሮቹ ዝርዝር ከቆጠራው ወራት ቀደም ብሎ ለየወረዳው፣ በአርብቶ አደሩም አገር ለጎሣ ሽማግሌዎች ሸንጎ ይታይ። የሚታየው ቤቱና መንደሩ እንጂ የሰው ስምና ጉዳይ አይሁን፤ የአገራችን የስታቲስቲክስ ሕግም የግለሰብን ምስጢር እንዲጠበቅ ያዝዛል።

ሁለተኛ፣ ለእርማት የተወሰነ ቀን ይሰጥ። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ክስ ከእርማት ይልቅ ወደ ፖለቲካ ያደላል።

ሦስተኛ፣ በሁለት ወረዳዎች ድንበር ላይ ያለ ቦታ ሁለቱም ባሉበት ይታይ። አንድ መንደር በቆጠራ ጊዜ በአንደኛው መዝገብ መግባቱ የድንበር ፍርድ እንዳልሆነ በጽሑፍ ይረጋገጥላቸው።

አራተኛ፣ ቅሬታን የሚዳኘው ከቆጠረውም ከተቆጠረውም የተለየ ይሁን።

አምስተኛ፣ መንገድ የሚመራው የአካባቢው ሰው ሲሆን፣ ተቆጣጣሪው ከሌላ ወረዳ ይምጣ። እንዲህ ከሆነ ዕውቀቱም አይጠፋም፣ ማድላቱም ይገታል።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ሳተላይትና ታብሌት ባለበት ዘመን የቀበሌ ሹምና የጎሣ ሽማግሌ ምን ይሠራል?» ይላሉ። ሳተላይት ጣሪያ ያያል። ከጣሪያው በታች አንድ ቤተሰብ ይኑር ሦስት፣ ወይም ቤቱ ባዶ ይሁን፣ አያይም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳተላይት ሰውን አያሳምንም።

በመጨረሻም ለእኛ ለተማሪዎች አንድ ቃል። ቆጠራው ሲመጣ ከመካከላችን ብዙዎቻችን፣ ተመርቀን መምህር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ሆነን፣ መዝገቡን ይዘን በር የምናንኳኳው እኛ እንሆናለን። ያን ጊዜ የቀበሌውን ሽማግሌ እንደ ኋላ ቀር፣ የጎሣውን መሪ እንደ መንገድ መሪ ብቻ ቆጥረን ብናልፈው፣ የምናጣው የእርሱን አክብሮት ብቻ አይደለም። በአንዲት ጎጆ ውስጥ ያለች እናትና ልጆቿ ከአገር ቁጥር ይቀራሉ። ከቁጥር የቀረች እናት ክሊኒክ ሲሠራ አትታሰብም፤ ልጆቿም ትምህርት ቤት ሲታቀድ ወንበር አይያዝላቸውም። ስለዚህ ከመቁጠራችን በፊት እንጠይቅ። የምንጠይቀውም በሩን የሚያውቀውን ሰው ይሁን።